ቴሌቪዥኑ አልሞተም ያለን አስተማሪ

ላይብረሪው እሺ አለ። ሳይቆረጥ።

ስልኬ የጮኸው ከትምህርት ቤት ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰፈራችን ባለው ላይብረሪ የወጣቶችን ክፍል የምትይዘው ሴትዮ ናት ኮል ያደረገችልኝ። የታችኛውን አዳራሽ ለቅዳሜ ከሰዓት ሰጥተውናል። ፊልሙን ሰው ሰብስቦ ለማሳየት የሚያስፈልገውን ፈቃድ ራሷ ጠይቃ አግኝታለች። ደሙም፣ የተቆረጠው እጅም፣ ድልድዩ ላይ የሚሆነው ነገር በሙሉ እንዳለ ይታያል፤ በሩ ላይ ብቻ ለትንንሽ ልጆች አይሆንም የሚል ማስታወቂያ እንለጥፋለን። "ምንም ሳይቆረጥ?" ብዬ ደግሜ ጠየቅኋት። ምንም ሳይቆረጥ አለችኝ። ዘለልኩ። እዚያው ማቆሚያው ላይ፣ ቦርሳዬ ጀርባዬን እየደበደበኝ ዘለልኩ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ተነስተው ትንሽ ራቅ አሉ፤ አልፈርድባቸውም።

የምናሳየው የድሮ የጃፓን ካርቱን ነው፣ አኒሜ የሚሉት፤ እማዬ ሕፃን ሳለች የተሳለ፣ ቀለሙ ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ልብስ የለቀቀ። ሰዎቹ በጃፓንኛ ይናገራሉ፣ ከግርጌ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይሄዳል፣ እኛ ደግሞ ማይክራፎን ይዘን ከስክሪኑ ጎን ቆመን በአማርኛ እንናገርላቸዋለን። እኔ ጦረኛዋን ልጅ እሆናለሁ። እኛ አጠገብ አሌክሳንድሪያ ከተማ ያለው የአክስቴ ልጅ ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ሽማግሌ አስተማሪዋን ይሆናል።

ግን ያዘለለኝ አዳራሽ ማግኘታችን ብቻ አይደለም። እናቴና ታላቅ እህቷ፣ አክስቴ ማለት ነው፣ ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። ሠርግ ላይ ቢገናኙ አንዷ በአንዱ በር ስትገባ ሌላዋ በሌላው ትወጣለች። ባለፈው ሳምንት እማዬ ድስት እየፈተገች፣ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር፣ "ሳይቆራርጡ ከፈቀዱላችሁ እትዬንም ጥሯት" አለች። እንግዲህ ተፈቅዶልናል። የቀረው አክስቴ ትመጣለች ወይ፣ ከመጣችስ ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ ወይ የሚለው ነው። ካርቱንንና የሁለት እህትማማቾችን ኩርፊያ ምን አገናኛቸው ለምትሉ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ዲቪ ደርሶን ከአዲስ አበባ ስንመጣ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። እማዬ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፣ አባዬ ትራክ እየነዳ ከስቴት ስቴት ይዞራል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎረቤታችን ብቅ እያለች ታየኛለች እንጂ ቤቱ የእኔና የቴሌቪዥኑ ነበር። ጦረኛዋን ልጅ ያገኘኋት እዚያ ነው፤ ፊልሙን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቆረሱ ያሳዩት ነበር። አባቷ አንጥረኛ ነበር። ፈረሰኞች መጥተው መንደሯን አቃጠሉት፤ አንድ እግሩ የሚያነክስ ሽማግሌ ጎራዴኛ ከአመዱ ውስጥ አንስቶ አሳደጋት፣ ጎራዴ አስተማራት፣ ከዚያ ሁለቱ ያቃጠሏቸውን ሰዎች እያደኑ ይገድላሉ። ይገድላሉ የምለው አሁን ነው። ያኔ ማንም አይሞትም ነበር።

እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ጎራዴው አንገት ሊነካ ሲል ስክሪኑ በነጭ ብልጭ ይላል። ነጩ ሲጠፋ ሰውዬው መሬት ላይ ተዘርግቷል፣ ተራኪው ደግሞ ራሱን እንደሳተ ይነግረናል። ጎጆ ከነሰዎቹ ሲቃጠል፣ ደግነቱ ባዶ ነበር ይላል። ፈረሰኛ ከገደል ሲወድቅ ከታች ደህና ነኝ የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ባለ ድምፁ ግን አይታይም። ጦረኛዋ ልጅ የአሜሪካ ስም ነበራት፣ ክፍላችን ውስጥም በዚያው ስም የምትጠራ ልጅ ነበረች፣ ለዚህ ብዬ ብቻ እወዳት ነበር። በቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ድቡልቡል እየገመጡ ሳንድዊቹ እንዴት ይጣፍጣል ይባባላሉ። እኔም እማዬን እንዲያ ያለ ነጭ ክብ ሳንድዊች ካልገዛሽልኝ ብዬ ሱቅ ለሱቅ አዙሬያታለሁ። አረቄ ጠጥተው የሚንገዳገዱት ሰዎች የጠጡት ጭማቂ ነው። ሱቆቹ ላይ የነበረው የጃፓን ጽሑፍ በቀለም ተደፍኖ ባዶ ሰሌዳ ሆኗል። ከሁሉ የሚገርመው ግን ዝምታ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ሰው ዝም ብሎ ሰማይ ሲያይ ጊታር ይመጣል፣ ጊታሩ ሲያርፍ ተራኪው ይመጣል፣ ተራኪው ሲደክመው ፈረሱ ራሱ ያሽካካል።

ከዚያ ድልድዩ መጣ። አስተማሪዋ ልጅቷንና ከሞት የተረፉትን የመንደር ሰዎች በገመድ ድልድይ ያሻግርና ራሱ መሐል ላይ ቆሞ ፈረሰኞቹን ይጠብቃል። ቀስተኞች ተሰለፉ፣ ቀስት ተለቀቀ፣ ነጭ ብልጭታ። በማግስቱ ልጅቷ ብቻዋን መንገድ ላይ ናት። አስተማሪዋ ቁስሉን ሊታከም ወደ ሩቅ ተራራ ሄዷል፣ ሲሻለው ይመለሳል አለ ተራኪው። እኔም ጠበቅሁት። በካርቱኑ ውስጥ በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ ነው እያልኩ እግሬን ሶፋው ላይ ሰብስቤ ጠበቅሁት። ካርቱኑ አለቀ፣ ሰውዬው አልመጣም። ሌላ ክፍል ይኖራል ብዬ ተጽናናሁ።

ዐሥር ዓመት ሲሆነኝ በትምህርት እረፍት ሳምንት አክስቴ ጋ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። እማዬ የነርስ ረዳትነት ፈተና ነበረባት። በእንግሊዝኛ ነው፣ አንዴ ወድቃለች፣ መሥሪያ ቤቷ ይህን ካላለፍሽ ከዚህ በኋላ አናቆይሽም ብሏታል፤ እኔ ቤት ውስጥ ካለሁ አታጠናም። የአክስቴ ልጅ ሃይስኩል ገብቶ ነበር፣ እንደ ወንድሜ ነው፣ በአማርኛ ስታናግረው በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ሽማግሌው ከተራራ መቼ እንደሚመለስ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። አየኝ። ሞቷል እኮ፣ ድልድዩ ላይ ነው የሞተው አለኝ። ውሸታም አልኩት። አልጋው ሥር ገብቶ የጃፓኑን ዲቪዲ አወጣ፣ አክስቴ ኩሽና መሆኗን አየና በሩን ገፋ አድርጎ ከፈተልኝ።

ነጭ ብልጭታ የለም። አንዱ ቀስት ትከሻውን፣ አንዱ ሆዱን፣ አንዱ ጉንጩን በስቶ ወጣ። ሽማግሌው አልወደቀም። ጎራዴውን በጣውላዎቹ መሐል ሰክቶ ተደገፈበት፣ ጉንጩ ላይ ያለውን ቀስት ሰበረና ስባሪውን ከደም ጋር ተፋው። የመጀመሪያው ፈረሰኛ ሲደርስበት የፈረሱን ጉልበት መታው፤ ፈረስና ጋላቢ አንድ ላይ ተገልብጠው ገደል ገቡ፣ ከታችም ደህና ነኝ ያለ ማንም የለም። ሁለተኛውን ከኮርቻው ጎትቶ አንገቱን በድልድዩ ገመድ አነቀው፤ የሰውዬው እግር ጣውላውን ሲደበድብ ይሰማል፣ ከዚያ አይሰማም። ሦስተኛው የሽማግሌውን ግራ እጅ ከክንዱ ለየው። እጁ ወደቀ፣ ጣቶቹ ገና ይንቀሳቀሳሉ። እሱ በቀረው እጁ ገመዱን ቆረጠ። ድልድዩ ከነፈረሰኞቹ፣ ከራሱ ከሽማግሌውም ጋር፣ ወደ ታች ሄደ።

ልጅቷ ማዶ ናት። አፏን ከፈተች። ይህን አፍ አውቀዋለሁ፤ በአሜሪካኖቹ ቅጂ ላይ ያው አፍ ተከፍቶ የሚወጣው ቃል በርታልኝ የሚል ነበር። እዚህ ግን ቃል የለም። ጊታርም የለም። ነፋስ አለ፣ ከዚያ ጩኸቷ፣ ከዚያ ከኋላዋ የቆሙት የመንደር ሰዎች ጩኸት። ይረዝማል። ሳይጨርሱ አያቆሙም።

ተናድጄ አለቀስኩ፤ የተናደድኩት በጃፓኖቹ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ሊያባብለኝ ፈልጎ ነው መሰል፣ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳኝ ጀመር። የአሜሪካን ኩባንያ ካርቱኑን ይገዛል፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ስለሚያዩት ደም አይፈቀድም፤ ማስታወቂያ እንዲገባበት ይከረከማል፤ ከዚያ አንድ ሰው ተቀምጦ የአፉን እንቅስቃሴ እያየ የሚመጥን አዲስ ንግግር ይጽፋል፤ አንዳንዴ ዋናው ምን እንደሚል እንኳ ሳያውቅ ይጽፋል አለኝ። ልጆች እንዳይደነግጡ ነው አለ። እኔ ግን በየቀኑ ስጠብቀው ከረምኩ አልኩት።

ይህን ያየነው ማክሰኞ ነው። እዚያው ማክሰኞ፣ ገና ዲቪዲው ሳይወጣ፣ የአክስቴ ስልክ ጮኸ።

አክስቴ ምንም አልጮኸችም። ያስነሳኝም እሱ ነው፤ ከኩሽና የሰማሁት ድስት ሲገለበጥና ከዚያ ምንም ነው። በበሩ ሳይ አክስቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የእጅ ፎጣ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነክሳለች። የአንገቷ ሥር ተወጥሯል፣ በቡጢ ጭኗን ትመታለች፣ ድምፅ ግን የለም፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤቷ ደግሞ የእማዬ የሥራ ጓደኛ ናት። አዲስ አበባ ያሉት አያቴ፣ የእማዬና የአክስቴ አባት፣ ሞተው ነበር። ሳይታመሙ፣ ሳይታሰብ።

አክስቴ ስታየኝ ፎጣውን አወጣች፣ ሁለቱን እጆቼን እስኪያመኝ ያዘችና ቀስ ብላ ነገረችኝ። እናትሽ ሐሙስ ፈተና አለባት፣ ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሰብስበን በወጉ እናረዳታለን፣ እስከዚያ ከጠየቀች አያትሽ ሆስፒታል ገብተው ተሽሏቸዋል ነው የምንላት አለችኝ። ወጉን ታውቁታላችሁ። መርዶ ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም፣ በሥራ ቀን አይነገርም፣ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። እኔ ግን የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አያቴ ወደ ሩቅ ተራራ ሄደዋል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ካርቱን ነበሩ። እማዬ ስትደውል አክስቴ ትስቃለች። ስለ ቅናሽ ጫማ ታወራለች፣ ስለ ፓርኪንግ ቅጣት ታወራለች፣ እማዬ ትንፋሽ ስትወስድ እንኳ ክፍተቱን በወሬ ትሞላዋለች። አዲስ አበባ ላሉት ዘመዶች ስልክ እንዳያነሱላት ተነግሯቸዋል። እማዬ ወደ አገር ቤት የምትደውልበት ኮሊንግ ካርድ ተበላሽቷል እያለች ትራገማለች። ሐሙስ ተፈተነች፣ አለፈች፣ እኔም ወደ ቤት ተመለስኩ። ዓርብ ሀያትስቪል የቤተ ክርስቲያናችን እህት የልጅ ሻወር፣ ልጅ ሊወለድ ሲል የሚደረገው ድግስ፣ ነበራት፣ እማዬ እኔንም ይዛ ሄደች። አዲስ ጫማ አድርጋለች። መዝሙር ሲከፈት መሐል ገብታ ዘለለች፣ እልል አለች፣ ላብ እስኪያጠምቃት አጨበጨበች፤ ፈተና አልፋለች እኮ። ያወቁት ሴቶች ደግሞ ከበዋት ያጨበጭባሉ፣ በትከሻዋ ላይ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። አንዷ ፎቶ አነሳቻት። ፎቶው ላይ ጥርሷ ሁሉ ይታያል።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። እማዬ የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች ከፈተች፣ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ነው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ከፊት፣ ሴቶች ከኋላ፣ አክስቴ ጥቁር ለብሳ መሐል ላይ። የሀበሻ ሰው በዚያ ሰዓት እንደዚያ ተሰብስቦ በር ላይ ሲቆም ቃል አያስፈልግም። "ማን ነው?" ብቻ አለች። "አባቴ ነው?" አለች። አንደኛው ሽማግሌ አንገታቸውን ደፉ።

ድልድዩ ላይ ያለውን አይቼ ስለነበር የምደነግጥ አልመሰለኝም። እማዬ ወደ ኋላ ሄደችና በሙሉ ክብደቷ ራሷን ከግድግዳው ጋር አጋጨችው፤ የተሰቀለው ሰዓት ወደቀ። እንደገና አጋጨችው። ፊቷን በጥፍሯ ከግንባሯ እስከ አገጯ ሳበችው፣ ቀይ መስመር ተከተለው። ሴቶቹ ክንዷን ሲይዟት አንዷን በክርኗ መታቻት፣ ሌላዋን ይዛት ወደቀች፣ የመስታወቱ ጠረጴዛ ከሥራቸው ተሰበረ። አፏን ከፈተች፣ ጩኸቱ ገና መውጣት ሲጀምር ሽማግሌዎቹ መዝሙር አነሱ። ክፉ አስበው አይደለም። እኛ ቤተ ክርስቲያን ተስፋ እንደሌለው ሰው አይለቀስም ይባላል፣ ጎረቤትም ይኖራል፣ ሰዓቱም ገና ጠዋት ነው። ግን የሁሉም ድምፅ በአንድ ላይ ተነስቶ ላይዋ ላይ ተደፋ፤ አፏ ተከፍቶ ይታየኛል፣ የሚሰማኝ መዝሙሩ ነው።

ሲያልቅ እማዬ ከስብርባሪው መሐል ተቀምጣ፣ መዳፏ እየደማ፣ ቀና ብላ መቼ ነው ብላ ጠየቀች። አክስቴ ማክሰኞ አለቻት። እማዬ በጣቷ ቆጠረች። የሻወሩ ዓርብ ላይ ስትደርስ ቆመች። አክስቴ ጎንበስ ብላ ልታቅፋት እየሞከረች፣ "ፈተናሽን እኮ አለፍሽ፣ የኔ እህት" አለቻት።

እማዬ በጥፊ መታቻት። በደማው መዳፏ። አክስቴ ከንፈሯ ተሰነጠቀ፣ የሁለቱ ደም ጉንጯ ላይ ተቀላቀለ፣ የማን እንደሆነ አይለይም። ካርቱን ውስጥ ደም ይፈነጥቃል፤ እውነተኛው ግን ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ሰውም ሳይጠርገው ይቆማል። "አባቴ አፈር ውስጥ ሆኖ አስጨፈርሽኝ" አለቻት እማዬ። አክስቴ ከንፈሯን ሳትጠርግ ወጥታ ሄደች፣ ከዚያ ቀን በኋላ አልተነጋገሩም።

እማዬ ሥራ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ሶፋው ላይ ጃኬቷን ሳታወልቅ ትቀመጣለች። ለቅሶ ተቀምጣ ነበር፣ ግን ሰው ይመጣል፣ ይዘመራል፣ ይጸለያል፣ ይበላል፤ ያ ጠዋት የጀመረችው ጩኸት ውስጧ እንደቀረ አውቅ ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት ዲቪዲውን ከፈትኩ፤ የአክስቴ ልጅ በቤተ ክርስቲያን በኩል በስውር ልኮልኝ ነበር። እማዬ ከጎኔ ተቀምጣ ምን እንደሚሉ ጠየቀችኝ።

ለእማዬ ወደ አማርኛ ማስተርጎም ሥራዬ ነው። ክሊኒክ፣ የአፓርትመንቱ ቢሮ፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ ሁሉም ቦታ እኔ ነኝ አፏ። አስተርጓሚ ልጅ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሐኪሙ ብዙ ይናገራል፣ እናት ትንሽ ይደርሳታል። እንዲያ ነው ያስተማሩን፤ የሚያስደነግጣትን ቀንሺላት ይላሉ። ስለዚህ ጎራዴው አንገት ሲቆርጥ፣ ራሱን ሳተ ብዬ ጀመርኩ። በራሴ አፍ ተራኪው ወጣ።

እማዬ ሪሞቱን ወስዳ አቆመችው። ወደ እኔ ዞረች። "ሁሉንም ንገሪኝ" አለች። "አንዲት ቃል እንዳትቆርጪብኝ።"

ሁሉንም ነገርኳት። ሞተ ሲሉ ሞተ አልኩ፤ ሲሳደቡ ተሳደብኩ፣ እማዬም ከእኔ አፍ ስድብ እየሰማች ዝም አለች፣ ያ ራሱ ተአምር ነው። ድልድዩ ላይ ደረስን። ሽማግሌው ገመዱን ከመቁረጡ በፊት ማዶ ላለችው ልጅ የሚላት ነገር አለ፤ አሜሪካኖቹ እመለሳለሁ አስብለውታል። "ምን አላት?" አለችኝ እማዬ። "እዚህ ነው የምሞተው፣ አትጠብቂኝ አላት" አልኩ።

ጦረኛዋ ልጅ አፏን ከፈተች፣ እማዬም ከፈተች።

እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሷ ውስጥ አለ ብዬ አላውቅም። የሶፋውን ትራስ ቀደደችው፣ ጥጡ ወጣ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ቆማ ደረቷን ትደልቃለች፣ አባባ እያለች ትጠራቸዋለች፣ የሚዘምርባት የለም። እኔም ጮህኩ፤ ለሽማግሌው ይሁን ለአያቴ አላውቅም። ካርቱኑ አብሮን ጮኸ፣ አለቀ፣ እማዬ ግን ገና ነበረች።

ከዚያ ፖሊስ መጣ። ከላይ ያለው ጎረቤት ሰው እየተገደለ ነው ብሎ ደውሎላቸዋል። በሩን ስከፍት ሁለት ናቸው፣ እጃቸው ወገባቸው ላይ። ከኋላዬ የሚያዩት ፊቷ ያበጠ፣ ፀጉሯ የተበተነ ሴት፣ ወለሉ ላይ የተበጣጠሰ ትራስ። አንደኛው ማን ነው የሞተው ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ሁሉንም ተናገሪ ተብያለሁ፤ አያቴ፣ አዲስ አበባ፣ ከብዙ ወራት በፊት አልኩት። ቀጥሎም ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቁሜ፣ ያ ሰውዬም ዛሬ አልኩት። ዲቪዲው አልቆ ወደ መክፈቻ ሥዕሉ ተመልሷል፣ እዚያ ሽማግሌው በቀስት እንደተወጋ ቆሟል። ፖሊሱ ብዙ አየው። እሱም በልጅነቱ ያየው ካርቱን ነበር፤ ይሄ ሰውዬ ወደ ተራራ ሄዶ አልነበረም እንዴ አለኝ። እማዬ ምን አለ አለችኝ፣ ነገርኳት። ከመርዶው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው፣ ፖሊስ በር ላይ ቆሞ፣ ንፍጧን በነጠላዋ እየጠረገች።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ለመድነው። የእማዬ የሥራ ጓደኞች መጡ፣ ከጀርመንታውን ሳይቀር ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ ሴቶች ነበሩ፣ ሳሎናችን አልበቃ አለ። የአክስቴ ልጅ በኮምፒውተር ድምፅ ይልክልኝ ነበር፤ በእንግሊዝኛ የሚመልሰው ልጅ የሽማግሌውን ንግግር በአማርኛ ለማለት ሲል ተምሮት አረፈ። ቆይቶ መኪና ሲያገኝ ራሱ መምጣት ጀመረ። እማዬ ትስመዋለች፣ ታበላዋለች፣ ስለ እናቱ አትጠይቀውም።

ባለፈው ሳምንት ነው ነገሩ የተለወጠው። ልምምድ ላይ ነበርን፣ እኔ የጦረኛዋን ጩኸት ስሞክር ድምፄ ተሰነጠቀና ሳቅን። የአክስቴ ልጅ ደግሞ እንዲሁ በጨዋታ መሐል እናቱ አባቷ ከሞቱ ጀምሮ ድምፅ አውጥታ አልቅሳ እንደማታውቅ ተናገረ። ያኔ ማክሰኞ ፎጣ ነክሳ ዋጠችው፣ ቅዳሜ ለእህቷ ስትል ዋጠችው፣ ከዚያ በኋላ ሰዎች ሲመጡ የተመታ ከንፈሯን እያዩ ስለ ጥፊው ነው የሚጠይቋት አለ። እማዬ ኩሽና ነበረች። ፎጣውን ሰምታ አታውቅም። ድስቱን መፈተግ አቆመች፣ ቆመች፣ እንደገና ፈተገች። ጥሯት ያለችው ያኔ ነው።

እና ዛሬ ከላይብረሪዋ ሴትዮ ስልክ በኋላ በሩጫ ቤት ገባሁ። ለእማዬ ነገርኳት። እጇን አደረቀችና ጠረጴዛው አጠገብ ቁጭ አለች፣ ደውዪ አለችኝ። ለአክስቴ ደወልኩ፣ ስፒከር ላይ አደረግሁት፣ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ቅዳሜው፣ ስለ ድልድዩ ነገርኳት። አክስቴ ልጇ ሽማግሌውን ሆኖ እንደሚሞት ታውቃለች፣ ቤት ውስጥ ሲለማመድ፣ ሲሞት ነው የሚውለው አለች። ከዚያ ቀስ ብላ እናትሽ ትሰማኛለች ወይ አለችኝ።

"እሰማሻለሁ" አለች እማዬ።

ረጅም ዝምታ ሆነ። አክስቴ፣ ወሬ የማያልቅባት አክስቴ፣ አልሞላችውም።

"ፈተናውን ብትወድቂ ከሥራ ይጥሉሽ ነበር" አለች በመጨረሻ።

"አውቃለሁ፣ እትዬ። ግን የኔን ለቅሶ አንቺ ቀጠሮ ሰጠሽው።"

"ሰጠሁት" አለች አክስቴ። ከዚያ "ብመጣ ደግሞ ትመቺኛለሽ?" አለች።

"ከፊቴ ከተቀመጥሽ።"

"እንግዲያው ከጎንሽ እቀመጣለሁ።"

እማዬ አፏን በእጇ ሸፈነች፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች እስከ አሁን አልነገረችኝም። ስልኩ ሲዘጋ ግን ወዲያው ሥራ ሰጠችኝ። የመንደሩን ሰዎች የሚሆን ድምፅ የላችሁም፣ አንቺ ብቻሽን ምን ያህል ትጮሂያለሽ፣ ሰው ጥሪ አለችኝ። እንዴት ብዬ እንደምጠራም ነገረችኝ፤ ቃሏን አንድም ሳልቀንስ ላድርስ።

ሞት የተደበቀባችሁ ኑ። ሳታውቁ የጨፈራችሁ ኑ። ለሌላ ሰው ስትሉ ፎጣ የነከሳችሁም ኑ። ከአሌክሳንድሪያም ይሁን ከፌርፋክስ፣ እንግሊዝኛ ባትችሉ ግድ የለም፣ ጃፓንኛውን እኛ እንችለዋለን። ቅዳሜ ከሰዓት፣ የላይብረሪው የታችኛው አዳራሽ ውስጥ፣ ድልድዩ ሲወድቅና ልጅቷ አፏን ስትከፍት አብራችኋት ጩኹ። የላይብረሪዋን ሴትዮ አስፈቅደናል። በሩ ይዘጋል፣ ማንም አይዘምርባችሁም፣ ሳትጨርሱም መብራት አይበራም።